የአንባቢያን ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ነው ታብሌት?

ባለፈው እትም "ስክሪኑ ተነቅሎ ታብሌት ስለሚሆነው ኮምፒውተር ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ" ብዬ ነበር። ራሴ ላይ ነው የፈረድኩት፤ ጠረጴዛዬ ደብዳቤ በደብዳቤ ሆነ። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ጥቂቶቹን መርጫለሁ። ለዚህ ገጽ አዲስ ለሆናችሁ፦ ጽሑፍ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ላፕቶፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ የማየው ከብሎኑ በኩል ነው፤ ቅር እንዳይላችሁ። ከታች የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

*

"ውድ እህታችን፣ ስክሪኑ የሚነቀል ላፕቶፕ ልገዛ ነው ብዬ ለታላቅ ወንድሜ ብነግረው ሳቀብኝ። 'ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም' አለኝ። የትናንት ፋሽን ነው፣ ነገ ይጠፋል ባይ ነው። እውነት የትናንት ነው? ማንስ ነው ያመጣው?"
የተሳቀባት

በተረቱ ወንድምሽን አልከራከረውም፤ እንዲያውም ወደ እሱ እመለሳለሁ። "የትናንት ፋሽን" ያለው ላይ ግን ተሳስቷል። ይህ ዕቃ ከእሱም ሊያረጅ ይችላል።

ሐሳቡን ብቻ ከቆጠርን 1972 ድረስ ወደ ኋላ እንሄዳለን። አለን ኬይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ያኔ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ልጆች በእጃቸው ይዘውት የሚዞሩት፣ ደብተር የሚያክል ኮምፒውተር ነደፈ። ስሙንም ዳይናቡክ አለው። ሥዕሉን ብታዪው ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ከላይ ስክሪን፣ ከታች ኪቦርድ። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን ይህን መሥራት የሚችል ማንም አልነበረም። ወረቀት ላይ ቀረ።

እጅ ላይ የሚያዝ ነገር ለማየት 1989ን መጠበቅ ግድ ሆነ። ግሪድፓድ ይባላል። የሠራው ጄፍ ሆኪንስ ነው፤ በኋላ ፓልም የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ሰው። ግሪድፓድ ዶስ በሚባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሲስተም ይሠራል፣ በብዕር ይጻፍበታል፣ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማን ገዛው ብትዪኝ፣ ቆመው ፎርም የሚሞሉ ሠራተኞች ናቸው። ሁለት ሊትር ውሃ ክንድሽ ላይ አስደግፈሽ በሌላው እጅሽ ለመጻፍ ሞክሪ። እነሱ እንደዚያ ነበር የሚውሉት።

ብዕር ምልክት ለማድረግ ጥሩ ነው። ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፊበት ብትባዪ ግን መከራ ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኮምፓክ "ኮንሰርቶ" የሚባል ማሽን አወጣ። ኪቦርዱ ይነቀላል። ስክሪኑ ብቻውን ኮምፒውተር ሆኖ በብዕር ይሠራል። እንግዲህ ወንድምሽ የሳቀበት ዕቃ ይኸውልሽ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት።

ከዚያ ነገሩ ጋብ ብሎ ቆየና በ2001 ቢል ጌትስ ኮምዴክስ በተባለው ትልቅ የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን መድረክ ላይ ታብሌት ፒሲን ይዞ ወጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው የፒሲ ዓይነት ይህ ይሆናል ብሎ ተነበየ። በኖቬምበር 2002 ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወጣ። አምስት ዓመቱም ደረሰ፣ አለፈ። ሰው የሚገዛው ያንኑ የድሮውን ላፕቶፕ ነበር።

የዚያን ጊዜዎቹን ማሽኖች በእጄ ፈትቻቸዋለሁ። ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ስክሪኑ እንደ አንገት የሚዞር ነው፤ አዙረሽ ኪቦርዱ ላይ ታስተኚዋለሽ። ሁለተኛው ስክሪኑ የሚነቀል ነው። ከነዚህ መካከል ኤችፒ ኮምፓክ ቲሲ1000ን እስካሁን እወደዋለሁ። እንደ ተራ ላፕቶፕ ይከፈታል፣ ኪቦርዱን ትነቅይዋለሽ፣ በብዕር ትጽፊበታለሽ። ዛሬ አዲስ ነው ብለው ከሚሸጡት ብዙም አይለይም። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ግን ትራንስሜታ የተባለ ኩባንያ የሠራው ክሩሶ የሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አእምሮ በይው) ገባበት። ቆጣቢ ነው፣ ግን ቀርፋፋ። ተከታዩ ቲሲ1100 ላይ ወደ ኢንቴል ዞሩ።

ለምን አልያዘም? ይከብዳል። ይሞቃል፤ ደረትሽ ላይ አቅፈሽው ፋኑ ሲጮህ ይሰማሻል። ከተራ ላፕቶፕ ይወደዳል። ከሁሉ በላይ ግን ዊንዶውሱ ያው ለማውዝ የተሠራው ዊንዶውስ ነበር። መስኮት ለመዝጋት ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ በብዕር ጫፍ አነጣጥረሽ መውጋት ነበረብሽ። ደንበኞቼ ብዕሩን ከወር በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ለጥገና ሲያመጡት "ብዕሩስ?" ስላቸው "የምን ብዕር?" የሚሉኝ ነበሩ።

አይፓድ በ2010 ሲመጣ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ኪቦርዱን ተወው። ፋኑን ተወው። ብዕሩንም ተወው፣ ጣት ይበቃል አለ። 680 ግራም። ወንድምሽ እንደሚለው አንዱን ዛፍ መርጦ ወጣ፤ ተሳካለትም። ታዲያ ሰው ምን አለ መሰለሽ? "ኪቦርድ ቢኖረውማ!" በሚቀጥለው ዓመት አሱስ "ትራንስፎርመር" የሚለውን የአንድሮይድ ታብሌት ከነሚነቀል ኪቦርዱ አመጣ። ኪቦርዱ ውስጥ ሁለተኛ ባትሪ ነበረው፤ ኩባንያው ታብሌቱ ብቻውን 9.5 ሰዓት፣ ከኪቦርዱ ጋር 16 ሰዓት ይቆያል ይል ነበር። እኔ ይህን ሐሳብ በጣም ነው የማደንቀው። ተጨማሪ ክብደት ካስቀመጥክ አይቀር ጥቅም ይስጥ።

ስለዚህ ለወንድምሽ እንዲህ በይው፦ ታብሌት የተሰጠው ሰው ኪቦርድ ይጠይቃል፣ ላፕቶፕ የተሰጠው ሰው ስክሪኑን መንቀል ያምረዋል። ይህ ነገር ከ1990ዎቹ ጀምሮ አልቆመም፤ ነገ የሚቆምበት ምክንያትም አይታየኝም።

*

"ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ስክሪኑ የሚነቀል ኮምፒውተር ገዛችልኝ። ጠረጴዛ ላይ ደህና ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ ሳደርገው ግን ወደ ኋላ ይገለበጥብኛል። የድሮው ላፕቶፔ እንዲህ አያደርግም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው የማሽኑ?"
ጡረተኛው

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አባቴ። የክብደት ነገር ነው።

የድሮውን ላፕቶፕዎን ያስቡት። ባትሪው፣ ማዘርቦርዱ፣ ፋኑ፣ ሁሉም ከኪቦርዱ ሥር ነው ያለው። ስክሪኑ ስስ ክዳን ነው። ከባዱ ጭንዎ ላይ ይተኛል፣ ቀላሉ ይቆማል። የሚነቀለው ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስክሪኑ ብቻውን መሥራት ስላለበት ሆድዕቃው በሙሉ ወደ ላይ ወጥቷል። ኪቦርዱ ባዶ ነው። ከባዱ ቆሞ ቀላሉ ተኝቷል፤ ታዲያ ምን ይዞት አይገለበጥ?

መሐንዲሶቹ ይህን ለመፍታት ብዙ ደክመዋል። አንዳንዶቹ ኪቦርዱ ውስጥ ሆን ብለው ክብደት ጨመሩ። አንዳንዶቹ መገጣጠሚያውን ቆልፈው ስክሪኑ ከተወሰነ ልክ በላይ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ከለከሉት። ማይክሮሶፍት በ2012 ሰርፌስን ሲያወጣ ጀርባው ላይ እንደ ፎቶ ፍሬም መቆሚያ አደረገለት። የመጀመሪያው መቆሚያ የሚከፈተው በአንድ ልክ ብቻ ነበር፣ 22 ዲግሪ። ረጅም ሰው ከሆኑ አንገትዎን መስበር ነው። ቀጥሎ ሁለት ልክ ሆነ። በ2014 ሰርፌስ ፕሮ 3 ላይ እስከ 150 ዲግሪ ድረስ በፈለጉት ቦታ የሚቆም ሆነ። ኪቦርዱም ላይ አንድ ብልሃት ጨመሩ፤ የላይኛው ጠርዙ ታጥፎ ስክሪኑ የታችኛው ክፈፍ ላይ በማግኔት ይለጠፋል፣ ያኔ ጠበቅ ይላል። የእርስዎም እንደዚህ ዓይነት ከሆነ ጠርዙን ወደ ላይ ገፋ ያድርጉት፤ ጠቅ ብሎ ሲይዝ ይሰማዎታል።

በነገራችን ላይ ከሁሉም መገጣጠሚያዎች የሚያስገርመኝ የ2015ቱ ሰርፌስ ቡክ ነው። ስክሪኑን የሚይዘው መቆለፊያ የሚለቀው ከኒኬልና ከቲታኒየም በተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው። መንቀያውን ሲጫኑ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ሽቦው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ቅርጹን ይለውጣል፣ መቆለፊያውን ይስበዋል። ሞተር የለውም። እንደ ጡንቻ ነው። ትልቁን ባትሪ ኪቦርዱ ውስጥ አድርገውታል፤ ስለዚህ ጭን ላይ አይገለበጥም። ዋጋውን የከፈሉት በሌላ በኩል ነው፦ ስክሪኑ ተነቅሎ ብዙ አይቆይም።

ለእርስዎ ግን ሽቦም ጡንቻም አያስፈልግዎትም። ጭንዎ ላይ ሰፋ ያለ ጠንካራ ነገር ያድርጉ፣ ትሪም ቢሆን ይበቃል። መቆሚያው እሱ ላይ ይረፍ።

*

"ሰላም ነው? 360 ዲግሪ የሚዞረውን ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ የሚነቀለውን? ማጠፊያው ይሰበራል የሚሉኝ አሉ። አንቺ ጠጋኝ ነበርሽና እውነቱን ንገሪኝ።"
ፈሪው

እውነቱን ልንገርህ። የመጀመሪያውን የሚዞር ላፕቶፔን የሰበርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ያ በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። ስክሪኑ መሐል ላይ ባለች አንዲት አንገት ላይ የሚዞር ዓይነት ነበር። በዚያች አንገት ውስጥ ስክሪኑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙ ፀጉር የሚያካክሉ ገመዶች ያልፋሉ። አንገቷ ላይ ትንሽ ቀስት ተስላለች፤ በዚህ በኩል ብቻ አዙር ማለት ነው። ለደንበኞቼ ቀስቷን በጣቴ እያሳየሁ "በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል ብቻ" እያልኩ ስመክር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ምሽት መብራቱን አጥፍቼ አልጋ ላይ እያነበብኩ በተቃራኒው አዞርኳት። ቀጭ አለች። ስክሪኑ አልጠፋም፤ ያ ነው ያናደደኝ። ወደ ግራ ዘንበል ሳደርገው ይበራል፣ ቀና ሳደርገው ይጠፋል። ለሁለት ሳምንት አንገቴን አጣምሜ ሠራሁበት፣ ሙያዬ ጥገና ሆኖ! ከፍቼ ሳየው ገመዱ እንደተቆረጠ ጫማ ማሰሪያ ተበጣጥሷል።

360 ዲግሪው ከዚህ በጣም ይሻላል። ሌኖቮ በ2012 ዮጋ ብሎ ያወጣው ነው መንገዱን ያስለመደው። ሁለት ማጠፊያ በሁለት ጎን፣ አንገት የለም፣ ጠመዝማዛ የለም። ስክሪኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ ከኪቦርዱ ጀርባ ጋር ይገጥማል። ገመዱ ይተጣጠፋል እንጂ አይጠመዘዝም። በ2014 ዮጋ 3 ፕሮ ላይ ማጠፊያውን እንደ ሰዓት ማሰሪያ ሰንሰለት አደረጉት፤ 813 ቁራጭ ብረትና አሉሚኒየም ተገጣጥሞ ነው የተሠራው። እኔ እንደ ጠጋኝ ቁጥሩን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ።

የማጠፊያ ጠላቱ መዞሩ አይደለም፤ አከፋፈቱ ነው። አንዱን ጥግ ይዘህ ስትከፍተው አንደኛው ማጠፊያ ብቻውን ይሸከማል። የተሰባበሩት ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ጥግ የሚከፈቱ ነበሩ። መሐሉን ይዘህ ክፈተው። እየጠነከረ ከመጣ ወይም ሲንጫጫ ከሰማህ አትታገለው፤ ብሎኑ ላልቶ ፕላስቲኩን እየገፋው ነው። ያኔ ማስጠበቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከተሰበረ በኋላ ግን ክዳኑን መቀየር ነው።

የቱን ልግዛ ላልከው፦ ቀኑን ሙሉ የምትጽፍ ከሆነ የሚዞረውን። ታብሌት ሲሆን ግን ከበድ እንደሚል፣ ጣቶችህም ከጀርባ ኪቦርዱን ሲዳስሱ እንደሚውሉ እወቅ። ኪቦርዱ ያኔ ይጠፋል፣ አይሠራም፤ ቢሆንም ደስ የማይል ነገር አለው። እኔ አልለመድኩትም።

*

"ከመሳቢያ ውስጥ የቆየ ታብሌት አገኘሁ። ሲከፈት ዊንዶውስ ነው፣ ወርድም ኤክሴልም አለው። ሌላ ፕሮግራም ልጫን ብል ግን አንዱም እሺ አይልም። ተበላሽቶ ነው?"
መሳቢያ በርባሪው

አልተበላሸም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የሲስተሙን ስም አንብበው። "ዊንዶውስ አርቲ" ካለህ መልሱ እሱ ነው።

ፕሮግራም የሚጻፈው ፕሮሰሰሩ በሚገባው ቋንቋ ነው። የለመድናቸው የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር የተጻፉ ነበሩ። አርቲ ግን ስልክ ውስጥ ባለው ዓይነት፣ አርም በሚባለው ፕሮሰሰር ላይ ነው የሚሠራው። መልኩ ዊንዶውስ፣ ቋንቋው ሌላ። የሚቀበለው ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርደውን ብቻ ነው፤ ስቶሩ ደግሞ ያኔ ባዶ ነበር ማለት ይቀላል። ገዢው ይህን ከየት ያውቃል? ዊንዶውስ ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት በ2013 ባልተሸጠው ሰርፌስ አርቲ የተነሳ 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቧል።

አብሮት የመጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ላፕቶፕ የያዘውንም ሰው አስቀየመ። ስታርት የሚለውን ቁልፍ አነሱት። ሰው ኮምፒውተሩን እንዴት እንደሚያጠፋው ጠፋው! ስልክ ይደወልልኝ ነበር፣ "እንዴት ነው የሚዘጋው?" ተብሎ። በዓመቱ 8.1 ላይ ቁልፉን መለሱት። ያኔ የታየኝ ነገር አለ። እስከዚያ ድረስ ታብሌቱን ላፕቶፕ ሁን ሲሉት ነበር የተሰቃየነው፤ በ8 ደግሞ ላፕቶፑን ታብሌት ሁን አሉት። ማጠፊያው በብረት ከመሠራቱ በፊት በሶፍትዌሩ ውስጥ መሠራት ነበረበት።

የአርም ነገር ግን በዚያ አላበቃም። በ2019 ሰርፌስ ፕሮ ኤክስ በአርም ፕሮሰሰር መጣ፤ በዚህ ጊዜ ለኢንቴል የተጻፈውን እያስተረጎመ የሚያሠራ ሶፍትዌር ይዞ ነው። ሲተረጉም ይዘገይ ነበር። በ2024 ስናፕድራገን ኤክስ የሚባለው የአርም ፕሮሰሰር ያላቸው ሲመጡ መተርጎሙም ፈጠን አለ። ያንተ ግን የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ጽሑፍ ይጻፍበታል፣ የተቀመጠ ፊልም ይታይበታል። የሲስተሙ ድጋፍ ስለተቋረጠ የባንክ የይለፍ ቃል አታስገባበት።

*

"ሥዕል እወዳለሁ። የኔ ብዕር ባትሪ የለውም፣ የጓደኛዬ ግን ቻርጅ ይደረጋል። የሷ ይበልጣል ማለት ነው? ደግሞ እጄን ስክሪኑ ላይ አሳርፌ ስስል ለምን እጄ አይስልም?"
ሠዓሊዋ

ቻርጅ ስለተደረገ አይበልጥም። እንዲያውም ባትሪ የሌለው ብዕር ለኔ ትንሽ ተአምር ነው።

ከስክሪንሽ ሥር ስስ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ማግኔታዊ መስክ ይረጫል። ብዕርሽ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ያንን ይቀበልና መልሶ ያስተጋባል። ኃይሉን የሚያገኘው ከስክሪኑ ነው ማለት ነው። ሰሌዳው ማስተጋባቱ ከየት እንደመጣ አይቶ ብዕሩ የት እንዳለ ያውቃል፣ ገና ሳይነካው። ዋኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ የታወቀው በዚህ ነው። ሰርፌስ ፕሮ መጀመሪያ ይህንኑ ይጠቀም ነበር፤ በፕሮ 3 ግን ባትሪ ወዳለው ብዕር ዞረ። ያ ብዕር የሚበላው ባትሪ ከተለመደው ቀጭን ባትሪ ይቀጥናል፣ እና ሲያልቅ ፍለጋው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የአፕል ፔንስልም በባትሪ ነው።

እጅሽን በሚመለከት፦ ብዕሩ ስክሪኑ አጠገብ ሲደርስ ማሽኑ "አሁን ሰውየዋ እየጻፈች ነው" ብሎ የመዳፍ ንክኪን ችላ ይላል። በ2000ዎቹ ይህ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ስክሪኖች ጣትን ጭራሽ አያውቁም ነበርና። ጣትም ብዕርም በአንድ ስክሪን ላይ ሲመጡ ነው መለየት የግድ የሆነው። እጅሽን ከብዕሩ በፊት ካሳረፍሽ አልፎ አልፎ ነጠብጣብ ሊወጣ ይችላል። ብዕሩን ቀድመሽ አስጠጊው።

*

"ከባለቤቴ ጋር ተከራከርን። እሱ 'አይፓድ ላይ ኪቦርድ ከሰካሁ ላፕቶፕ ሆነ፣ አበቃ' ይላል። እኔ አልሆነም እላለሁ። ፍረጂን።"
ተከራካሪዋ

በዚህ ክርክር አፕልም ከራሱ ጋር ተከራክሯል።

በ2012 የአፕል ዋና ኃላፊ የነበረው ቲም ኩክ ታብሌትና ላፕቶፕን ስለማዋሐድ ተጠይቆ፣ ዳቦ መጥበሻና ፍሪጅም ማዋሐድ ይቻላል፣ ግን ማንንም ደስ አያሰኝም የሚል መልስ ሰጠ። ሳቅን። በ2015 ኩባንያው አይፓድ ፕሮን ከነኪቦርዱና ከነብዕሩ ይዞ መጣ። በ2020 ማውዝና ትራክፓድ እንዲሠራበት ፈቀደ። በ2021 ማክ ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን ኤም1 ፕሮሰሰር አስገባበት። በ2025 መስኮቶችን እንደ ኮምፒውተር ማንቀሳቀስና ከላይ የሜኑ መስመር ማግኘት ተቻለ። ዳቦ መጥበሻው ቀስ እያለ ፍሪጁ ውስጥ ገባ ብል ይቅር ይለኛል።

ፍርዴ ግን ይኸውና፦ ባለቤትሽ የሚሠራው ኢሜይል፣ ጽሑፍ፣ ንባብ፣ ፊልም ከሆነ ልክ ነው፣ አበቃ። በኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚጫን አንድ የሥራ ፕሮግራም ካለው ደግሞ አንቺ ልክ ነሽ። ያቺ አንዲት ፕሮግራም ናት የምትፈርደው። ማሽን ከመግዛቱ በፊት ስሟን ወረቀት ላይ ይጻፍና ትሠራ እንደሆነ ይጠይቅ።

*

"በአጭሩ፦ የሚነቀለው ላፕቶፕ ፋን አለው የለውም? ሻጩ የለውም ይላል።"
ጸጥታ ወዳዱ

ሁለቱም አለ። ኢንቴል በ2014 ኮር ኤም የሚባል፣ 4.5 ዋት ብቻ የሚፈልግ ፕሮሰሰር ካወጣ ጀምሮ ስስ ማሽኖች ያለ ፋን መሠራት ችለዋል። የተለመደው የስስ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ያኔ 15 ዋት ነበር። ፋን የሌለው ማሽን ጸጥ ይላል፣ አቧራም አይስብም። ከባድ ሥራ ሲበዛበት ግን ሙቀቱን የሚያስወጣበት ስለሌለው ራሱን ያዘገያል። ሻጩን ከምትጠይቅ ጠርዙን እየው፤ የአየር መውጫ ቀዳዳ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፋን አለ።

*

"እህቴ፣ የሚነቀለው ኮምፒውተሬ አምስት ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ስክሪኑ በአንድ ጥግ በኩል ከፍሬሙ ለቀቅ ብሏል፣ ጥፍር ያስገባል። ስጫነው ይመለሳል፣ ግን እንደገና ይነሳል። ጥሩ ማጣበቂያ ካወቅሽ ጠቁሚኝ።"
ባለ ማጣበቂያው

ማጣበቂያ አይደለም የለቀቀው። ባትሪው አብጦ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ባትሪው ከስክሪኑ ጀርባ ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው። ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ እንደ ትራስ ይነፋል፣ መውጫ ሲያጣ ስክሪኑን ይገፋዋል። አንተ ደግሞ መልሰህ ትጫነዋለህ። ተው! እየተጫንክ ያለኸው ባትሪውን ነው፤ ከተቀደደ በእሳት ይነሳል።

ቻርጅ አታድርገው። ኪቦርዱን ንቀለው። አጥፋና ወረቀትና ጨርቅ ከሌለበት፣ ከማይቀጣጠል ነገር ላይ አስቀምጠው። ራስህ ልክፈተው እንዳትል፤ ስክሪኑ በሙጫ የተያዘ ስለሆነ የሚነሳው በሙቀትና በስስ መፈልቀቂያ ነው፣ መፈልቀቂያው ትንሽ ዘልቆ ከገባ ደግሞ ያበጠውን ባትሪ ይወጋዋል። እኔ ራሴ ሥራው ላይ እያለሁ ያበጡትን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲህ ዓይነት ታብሌት ከዚህ በፊት የከፈተ ጠጋኝ ፈልግ፤ ከፍተህ ታውቃለህ ወይ ብለህ ጠይቀው፣ አያፍርም።

ደብዳቤህ ከተጻፈ ሳምንት አልፎታል። እስካሁን እየሠራህበት ከሆነ መጽሔቱን አስቀምጥና መጀመሪያ እሱን አጥፋው።